ድቡልቡሌ ያላለው ነገር

ጎርናናው እንለው ነበር። ስም ነበረው፤ በስሙ የሚጠራው ግን አሠሪው ብቻ ነው። ድምፁ ከጉሮሮው ሳይሆን ከእግሩ ሥር፣ ከሲሚንቶው ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። ከሰኞ እስከ ዓርብ በአንድ የቀለምና የምስማር መሸጫ ሱቅ ውስጥ ይሠራል፤ ምስማር ይመዝናል፣ ቁልፍ ይቀርጻል፣ የተጠየቀውን ብሎን ዞር ብሎ ሳያይ ከመሳቢያው በጣቱ ዳብሶ ያወጣል። ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት በኋላ ግን ማይክ ይይዛል።

የሰፈራችን ፊልም ቤት ድሮ የዱቄት መጋዘን ነበር። የሚመጡት ፊልሞች ሁሉ በባዕድ ቋንቋ ስለሆኑ፣ ጎርናናው ከመጋረጃው ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጦ ተዋናዮቹ የሚሉትን እግር በእግር እየተከተለ በእኛ ቋንቋ ይናገራል። ብቻውን ሽማግሌ ይሆናል፣ ሙሽራ ይሆናል፣ ወታደር ይሆናል፤ አንዴ እንዲያውም የምታምጥ ፈረስ ሆኖ አዳራሹ ሙሉ ሰው ቆሞ አጨብጭቦለታል። እኔ ከኋላ ሆኜ ማጫወቻውን እይዛለሁ። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ጋሼ እለዋለሁ፤ እሱ ደግሞ ወንድምዬ ይለኛል።

ጎርናናው ቋንቋውን ትምህርት ቤት አልተማረውም፤ ከፊልሞቹ ለቃቅሞ ነው የያዘው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስለጨረስኩ ከሱ ትንሽ እሻላለሁ፤ የዘለለውን ወይም የጨመረውን አንዳንዴ እሰማለሁ። ሰምቼም ዝም እላለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ "ጋሼ፣ ሰውዬው እንደሱ አላለም እኮ" ብዬው ነበር።

"ታዲያ ምን አለ?"

"እኔም በደንብ አልገባኝም።"

"ካልገባህ፣ ያላለውን በምን አወቅህ?" ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ በኋላ አርሜው አላውቅም።

ጣጣው የመጣው ስለ ጠፈር በተሠራ አንድ ፊልም ነው። አንዲት ካፒቴን ከባልደረቦቿና ከአንድ ትንሽ ክብ ሮቦት ጋር በረዶ ብቻ የሆነች ሩቅ ዓለም ላይ ትወድቃለች። መርከቧን መልሶ ወደ ሰማይ ለማስነሳት አንድ ሰው መሬት ላይ ቀርቶ መዘውር መያዝ አለበት፤ እሷ ትቀራለች። ሮቦቱን የእኛ ሰው ገና በመጀመሪያው ቀን ድቡልቡሌ ብሎት ነበር። መጨረሻው ላይ መርከቧ ትነሳለች፤ ድቡልቡሌ በመስኮት በኩል መብራቱን ያበራል፣ ያጠፋል፤ ካፒቴኗ ከብረት መጠለያዋ በር ላይ ቆማ ታየዋለች። ሙዚቃ የለም፣ ንግግር የለም። ሦስት ደቂቃ ሙሉ መብራት ብቻ።

ሦስት ደቂቃ ዝምታ ለእኛ አዳራሽ ብዙ ነው። ሰዉ መንጫጫት ጀመረ። ሁልጊዜ በስተግራ በኩል የሚቀመጠው አፈኛው ጎማ ጠጋኝ፣ "ጋሼ ጎርናናው፣ እንቅልፍ ወሰደህ እንዴ?" አለ። አዳራሹ በሳቅ አወካ። ያኔ ጎርናናው ማይኩን ወደ ከንፈሩ አስጠጋና፣ ከዚያ በፊት ሰምቼው በማላውቀው ቀጭን ድምፅ፣

"አይዞሽ። መንገዱን ቆጥሬዋለሁ። እመለሳለሁ። በሩን እንዳትቆልፊው" አለ።

ሳቁ ተቋረጠ። ከዚያ አንድ ሰው ሲነፋረቅ ሰማሁ። ጎማ ጠጋኙ ነበር።

"መንገዱን ቆጥሬዋለሁ" የሰፈሩ ሰላምታ ሆነ። ባል ዕቃ ሊገዛ ሱቅ ሲላክ ሚስቱን ይላታል፤ ሚስት "ካልቆየህ አልቆልፈውም" ትለዋለች። የሚኒባስ ሾፌሮች በኋላ መስታወታቸው ላይ ጻፏት። የፊልም ቤቱ ባለቤት ሰዉ በጠየቀው ቁጥር ፊልሙን ያሳያል፤ አዳራሹም ሁልጊዜ ይሞላል። ጎርናናውን መንገድ ላይ ያገኘ ሁሉ እጁን ይጨብጠዋል። "እኔ ምን አደረግሁ፤ እሱ ያለውን ነው ያልኩት" ይላል። ይህን ሲል አጠገቡ ከሆንኩ ወደ እኔ አያይም።

ከፊልም ቤቱ ሁለት ቤት አልፎ አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች። ሁላችንም እትዬ እንላታለን። የአዳራሹን መጋረጃ ከአራት አንሶላ ገጣጥማ የሰፋችው እሷ ናት፤ ለዚህ ውለታ ከፊት ረድፍ ጥግ፣ ከጎርናናው በርጩማ አጠገብ፣ አንድ ወንበር የእሷ ሆኖ ቀርቷል። ፊደል አልቆጠረችም፤ ፊልም የምታየው በጎርናናው አፍ ነው።

እንደ ልጅ ያሳደገችው ታናሽ ወንድም ነበራት። በጭነት መርከብ ላይ ሥራ አግኝቶ ሊሄድ ሲል፣ የመጨረሻዋን እሁድ ከእሷ ጋር ያን ፊልም አየ። በማግስቱ ሻንጣውን ይዞ በሯ ላይ ሲሰነባበቱ፣ ድምፁን እንደ ድቡልቡሌ አቅጥኖ "እመለሳለሁ፤ በሩን እንዳትቆልፊው" አላት። ተሳሳቁ። ሁለት ዓመት እየደወለ ቆየ፤ ከዚያ ስልኩ ቀረ። እትዬ በሯን መቆለፍ የተወችው ያኔ ነው። ገበያም ስትሄድ፣ ፊልም ቤትም ስትመጣ በሩ ገርበብ እንዳለ ይውላል። ሌላ ሰፈር ያገባችው ልጇ በየጊዜው እየመጣች ትለምናት ነበር።

"እማዬ፣ ብቻሽን እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ነይ እኛ ጋር ኑሪ።"

"ሁለተኛው ክፍል ይምጣና እንነጋገራለን።"

"የምኑ ሁለተኛ ክፍል?"

"የድቡልቡሌ ነዋ! እንዴት አድርጎ እንደተመለሰ ሳላይ የትም አልሄድም።"

እየሳቀች ነበር የምትለው። በሩ ግን እውነትም አይቆለፍም ነበር።

ሁለተኛው ክፍል በአምስተኛው ዓመት መጣ። ከፊልሙ በፊት ወሬው መጣ፤ የፈሰሰበት ገንዘብ አንድ ከተማ ይሠራል ተባለ። ማስታወቂያው ግድግዳው ላይ ከተለጠፈ ጀምሮ ሰው ሁሉ ቀን ይቆጥር ጀመር። ጎርናናውም ለዚያች ቀን ብሎ የድሮ ኮቱን እትዬ ጋር አስጠበበ። እትዬ ስትለካው፣ "ትንሽ ላላ ላድርግልህ፤ ድቡልቡሌ ሲመለስ ትንፋሽ ያስፈልግሃል" ብላ ቀለደችበት።

ፊልም ሰው ከማየቱ በፊት እኔና እሱ ቀድመን የማየት ልማድ ነበረን። ዓርብ በምሳ ሰዓት ባዶው አዳራሽ ውስጥ ተቀመጥን። እሱ ዳቦውን በወረቀት ጠቅልሎ ይዟል። ፊልሙ የመጀመሪያውን ክፍል መጨረሻ በማስታወስ ይጀምራል፤ መብራቱ ይበራል፣ ይጠፋል። በዚህኛው ግን ካሜራው ወደ ካፒቴኗ ተጠግቶ፣ የመብራቱን ምልክት ስታነብ ያሳያል። ለካ የፊልሙ አከፋፋዮች በዚህ ጊዜ በእኛ ቋንቋ አስጽፈውበት ኖሯል፤ ከምስሉ ግርጌ በነጭ ፊደል ወጣ፦

"ነዳጅ አሥራ ዘጠኝ በመቶ። ሁለተኛው ሞተር ሥራ አቁሟል።"

ጎርናናው ማኘኩን አቆመ። "ወደኋላ መልሰው" አለኝ። መለስኩት። አሥራ ዘጠኝ በመቶ። "አንዴ ድገመው።" ደገምኩት። አሁንም አሥራ ዘጠኝ በመቶ።

ከዚያ የባሰው መጣ። ፊልሙ ከተጀመረ በስድስተኛው ደቂቃ አንድ ወታደር ድቡልቡሌን በጫማው ገፋ አድርጎ የብረት መጨፍለቂያ ውስጥ ይጥለዋል። ለመሣሪያ መሥሪያ ብረት ፈልገው ነው። ከዚያ በኋላ እሱን የሚያነሳ የለም፤ በረዶው ላይ የቀረችውን ካፒቴን የሚያስታውስ የለም። ጥርሱ ያማረ አዲስ ጎረምሳ ይመጣና ሁለት ሰዓት ሙሉ ሺህ መርከብ ሲፈነዳ ይታያል። ስለ ፊልም ብዙ አውቃለሁ አልልም፤ ግን ያ ሁሉ ገንዘብ ለፍንዳታ ብቻ መዋሉ እኔንም አሳዘነኝ።

ጎርናናው ዳቦውን መልሶ ጠቀለለው። "ጽሑፉን ማጥፋት አይቻልም?"

"ምስሉ ላይ የተጣበቀ ነው ጋሼ።"

"መሸፈንስ?"

የሸፍጡን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ። በመጋረጃው ግርጌ ጥቁር ጨርቅ ቢሰቀል ፊደሉ አይታይም አልኩት። ጨርቅ ደግሞ ያለው እትዬ ዘንድ ነው። እዚያው ሄድን። እሷም ምን ያህል ርዝመት እንደምንፈልግ ጠየቀች፤ ከጥቅሉ ቀደደች፣ ጫፉንም አጥፋ ትሰፋው ጀመር።

"ለምን ነው?"

ጎርናናው ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። "ለ... ብርሃን መከላከያ ነው እትዬ" አልኩ እኔ።

"ለድቡልቡሌ ከሆነማ የስፌት አልቀበልም" አለች፤ ክሩን በጥርሷ በጥሳ ጨርቁን አጥፋ ሰጠችኝ። እስካሁን ያ የተሰፋ ጨርቅ እጄ ላይ ያለ ይመስለኛል።

ቅዳሜ ሰቀልነው። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ፊልሙ ሊጀመር ሲል ባለቤቱ ገባ።

"ምንድን ነው ይሄ? ማን ሞቶብን ነው?"

"ብርሃን እንዳይ..."

"የምን ብርሃን! አከፋፋዮቹ አንዴ አምሯቸው በቋንቋችን ቢጽፉልን ልትሸፍኑት ነው?" ብሎ በአንድ እጁ ቦጨቀው።

ተጀመረ። መብራቱ በራ፣ ጠፋ። አዳራሹ በአንድ አፍ "መንገዱን ቆጥሬዋለሁ!" ሊል ትንፋሹን ሰብስቦ ሳለ ጽሑፉ ብቅ አለ። ጎማ ጠጋኙ ጮክ ብሎ አነበበው።

"ነዳጅ አሥራ ዘጠኝ... ምን? ምንድን ነው የሚቀባጥረው?"

"ተሳስተዋል!" አለ ሌላው።

"ማን ደንቆሮ ነው የተረጎመው? ጋሼ ጎርናናው፣ ንገራቸው እንጂ!"

ሁሉም ወደ በርጩማው ዞሩ። ከኋላ ሆኜ ጀርባውን ነበር የማየው፤ የጠበበው ኮቱ ብብቱ ሥር በላብ ጠቁሯል። ማይኩን አነሳ።

"ተሳስተዋል" አለ። "የጻፈው ሰው ቋንቋውን አያውቅም።"

ተጨበጨበለት። እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሱ ምን ሆኖ እንደነበር እንጃ።

ከዚያ ስድስተኛው ደቂቃ ደረሰ። መጨፍለቂያው ተከፈተ። እትዬ ከወንበሯ ብድግ አለች።

"ምን አደረጉት? ምን እያለ ነው? ሲጥሉት ምን አለ?"

ጎርናናው አፉን ከፈተ። አንድ ቃል፣ አንዲት ተስፋ የምትሰጥ ቃል ይጨምራል ብዬ ጠበቅሁ። በዚያች ሰዓት እንኳ ቢዋሽ ደስ ይለኝ ነበር መሰለኝ።

"ምንም አላለም እትዬ" አለ።

ተመልሳ ተቀመጠች። እስከ መጨረሻው አልተነቃነቀችም።

ፊልሙ ሲያልቅ ሰዉ በር ላይ ቆሞ እርግማኑን አወረደው። "ይህን ሁሉ ብር ምን አደረጉት?" "ድቡልቡሌን ለቆርቆሮ!" ጎማ ጠጋኙ ደግሞ እንደ አዋቂ ጣቱን እያወዛወዘ፣ "የመጀመሪያውን የሠራው ሰው ሳይሞት አልቀረም። ይሄ የሌላ ሰው እጅ ነው" አለ። የመጀመሪያውን የሠራው ሰው ግን አዳራሹ ውስጥ በርጩማው ላይ አንገቱን ደፍቶ የማይኩን ሽቦ ይጠቀልል ነበር።

ሰኞ እትዬ ሱቁ መጣች።

"የበር ቁልፍ ስጠኝ፤ ጠንካራውን። ዛሬውኑ ግጠምልኝ። ልጄ ከሰዓት መኪና ይዛ ትመጣለች፤ ልሄድ ነው።"

ጎርናናው በምሳ ሰዓት እኔ ቤት መጥቶ መብሻውን አሸከመኝ። "ብቻዬን አልችልም። ና አብረን እንሂድ" አለኝ። ምኑን እንደማይችል ያወቅሁት እዚያ ስንደርስ ነው።

ቤቷ አንድ ክፍል ናት፤ ልብስ መስፊያው በጨርቅ ታስሯል፣ ዕቃዋ በሁለት ሳጥን ታሽጓል። እሷ የመጨረሻውን መጋረጃ እያጠፈች ስፒል በከንፈሮቿ መሐል ይዛለች።

"እትዬ፣ ሳልገጥመው አንድ ነገር ልንገርሽ" አላት።

በአገጯ ቀጥል አለችው።

"ድቡልቡሌ እንደሱ አላለም። በመጀመሪያው። ጽሑፉ ልክ ነው፤ ስለ ነዳጅ ነው የተናገረው። በሩን እንዳትቆልፊው ያልኩት እኔ ነኝ። ሰዉ ሲንጫጫ ጊዜ ከሆዴ አወጣሁት።"

እትዬ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ እያወጣች ደረቷ ላይ ሰካቻቸው።

"ከሆድህ።"

"ከሆዴ። ስለዚህ... እሱን ስለጨፈለቁት ብለሽ ተስፋ አትቁረጪ ልልሽ ነው። ያኛው የኔ ውሸት ነበር፤ ይሄኛው ደግሞ ፊልም ነው። ወንድምሽ ሌላ ነው።"

"ወንድሜ ሌላ መሆኑን አንተ ነህ የምትነግረኝ?" ድምፅዋ አልጨመረም። "ሦስት ዓመት ጎረቤት 'አበደች' እያለኝ በሬን ከፍቼ ስውል፣ አንተ ኮትህን እዚህ ስታስጠብብ፣ የት ነበርህ?"

 ወደ እኔ ዞረች።

"አንተስ? የተማርከው አንተ ነህ። ታውቅ ነበር?"

"እኔ... ማሽኑ ላይ ነበርኩ እትዬ።"

"ማሽኑ ላይ" አለች። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ ያላት ይመስል ፊቷ ተለወጠ። "ጥቁሩ ጨርቅ ለዚህ ነበር?"

 መብሻውን ከቀኝ እጄ ወደ ግራ አዛወርኩት፤ ሌላ የማደርገው አጣሁ።

"በገዛ እጄ አሰፋችሁኝ" አለች። ከዚያ ለጎርናናው፦ "ስትዋሽ አዳራሽ ሙሉ ሰው ነበር። ይቅርታውን ለኔ ለብቻዬ በጓዳ ይዘህ መጣህ? ሰው ሁሉ ፊት ቋንቋውን አያውቅም ብለህ የሰደብከው ሰውዬስ፣ ያ የጻፈው? ቅዳሜ እመጣለሁ። እዚያው በርጩማህ ላይ ስትናገር እሰማለሁ። አሁን ግጠም።"

ገጠመው። ብሎን ዳብሶ የሚያውቀው ሰው ሁለት ጊዜ ብሎን ጣለ።

ቅዳሜ ከልጇ ቤት መጥታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ከፊልሙ በፊት ጎርናናው ማይኩን ይዞ ቆመ። ቆሞ ተናግሮ አያውቅም። ሁሉንም ተናገረ፤ ዝምታውን፣ ሳቁን፣ ከሆዱ ያወጣውን፣ ባለፈው ሳምንት ተርጓሚውን መስደቡን። ሲጨርስ ጎማ ጠጋኙ በሳቅ ፈነዳ።

"ኧረ ይሄ ሰው! አዲስ ትወና ጀመረልን!"

ሁሉም ሳቁ። "በቀጭኑ ድምፅ በልልን!" "ድቡልቡሌ! ድቡልቡሌ!" እያሉ በእግራቸው ወለሉን መቱ።

"እውነቴን ነው!" ይላል ጎርናናው። "እውነቴን ነው እኮ! ካላመናችሁኝ እሱን ጠይቁት። ቋንቋውን ያውቃል። ያኔም ያውቅ ነበር። ወንድምዬ፣ ንገራቸው!"

ያ ሁሉ ራስ ወደ እኔ ዞረ። የእትዬም ዞረ። "አዎ" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ሁለት ፊደል ናት። እኔ ግን ጎንበስ አልኩና የተነቀለ ሽቦ እንደሚፈልግ ሰው ከማሽኑ ሥር እጄን ሰደድኩ። የተነቀለ ሽቦ አልነበረም። ቀና ስል አሁንም እያዩኝ ነበር፤ ቁልፉን ተጫንኩትና ፊልሙን ለቀቅሁት።

ብርሃኑ የጎርናናው ፊት ላይ ወደቀ። አንድ የማያውቀው ተዋናይ ፊት በፊቱ ላይ ሲንቀሳቀስ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ማይኩን በርጩማው ላይ አስቀምጦ በጎን በር ወጣ። እትዬ ተነስታ ተከተለችው። በሩ አጠገቤ ስለነበር የምትለውን ሰማሁ። ከመቀነቷ ቁልፉን ፈትታ መዳፉ ላይ አኖረችው።

"አትቆልፊው ያልከኝ አንተ ነህ። ይኸው ቆለፍኩት። አንተ ከሆድህ ብታወጣውም ወንድሜ በገዛ አፉ ነው ያለኝ። ሲመጣ የሚከፍትለት አንተ ነህ።"

ጎርናናው ከዚያ ወዲህ ማይክ አልያዘም። አከፋፋዮቹም በየፊልሙ ላይ መጻፍ ለመዱ፤ ቆይቶ አዳራሹ የወንበርና የጠረጴዛ መሸጫ ሆነ። እሱ ግን አሁንም ምስማር ሱቁ ውስጥ አለ። ከጀርባው፣ ቁልፍ ከሚቀርጽበት ማሽን በላይ፣ አንድ ቁልፍ በምስማር ላይ ተሰቅሏል፤ ጫፉ ላይ የጥቁር ጨርቅ ቁራጭ ታስሮበታል። ደንበኛ ሲጠይቀው "እሱ አይሸጥም፤ አደራ ነው" ይላል። አሠሪው ፈቃድ ሲሰጠው አይወስድም ይባላል፤ ሻንጣ የያዘ ሰው በበሩ ሲያልፍ ቀና ይላል።

እኔ ስለዚያች ቅዳሜ ልነግረው ብዙ ጊዜ ሄጃለሁ። ባለፈው ሳምንትም ሄድኩ።

"ወንድምዬ፣ ደህና ነህ? ምን ልስጥህ?" አለኝ፤ እንደ ማንኛውም ሰው፣ ያለ አንዳች ቂም።

"ጋሼ፣ ያን ቀን..."

"የቱን ቀን?"

ከትከሻው በላይ ቁልፉ ይታየኛል።

"ሁለት ኪሎ ምስማር" አልኩት።

መዝኖ በወረቀት ጠቀለለልኝ። ምስማር የሚፈልግ ምንም ሥራ የለኝም። ቤቴ ውስጥ ከአልጋው ሥር አራት ቆርቆሮ ሙሉ ምስማር አለ።